ሜዳ ላይ የሚዞረው መንገድ

«ስስታም ልባል ነው እንግዲህ?»

«ተባልልኝ።»

«አድማሱ ለአንዲት ቁራጭ ጓሮ ብሎ አገሩን መንገድ አስቀረ ይበሉኝ?»

«ይበሉህ። አንተ የሚጎድልህ ስም ነው። እኔን ተመልከተኝ።»

ይኸን የተባባሉት አባቴና እናቴ ናቸው። እኔ ከጎታው ጀርባ ተደብቄ የሰረቅሁትን ሽምብራ እቆረጥም ነበር። በቆረጠምሁ ቁጥር ጆሮየ በገዛ ጥርሴ ድምፅ እየሞላ ከንግግራቸው ግማሹ ያመልጠኛል። ኋላ ነገሩ ከሽምብራው በልጦ ሲጥመኝ አንዷን ፍሬ ምላሴ ላይ ይዤ ትንፋሼን ዋጥሁ። ያን ጊዜ ግን ሁለቱም ዝም ብለው ነበር። በመጨረሻ አባቴ፣ «እንግዲያው አይነኩብሽም» አለና በሩን ከፍቶ ወጣ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ያመለጠኝን ግማሽ በራሴ ግምት ሞላሁት። የሞላሁበት ነገር እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

አሁን በእኛ መንደር ሚኒባስ ያልፋል። ባለፈው ጥምቀት ሰሞን ከንፋስ መውጫ ተሳፍሬ ስሄድ፣ መንደሩ መግቢያ ላይ መኪናው ደልዳላ ሜዳ መሐል ድንገት ወደ ግራ ታጠፈና ሰዉ እርስ በርሱ ተደጋገፈ። ረዳቱ ራሱን ከበሩ ጋር አጋጭቶ፣ «ይኸን የቀየሰው ምን ያህል ጠጥቶ ነው?» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። እውነት ነው፤ ገደል የለ፣ ወንዝ የለ፣ ቋጥኝ የለ፤ መንገዱ ግን ዐሥራ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ጎን ወጥቶ፣ አንዲት የቀጋ ቁጥቋጦ ዞሮ፣ እንደገና ወደ መስመሩ ይገባል። እኔ አልሳቅሁም፤ አልተቆጣሁም። አማተብሁ።

መንደራችን አፋፍ ጊዮርጊስ ታች ጋይንት ውስጥ ከገደል ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከማዶ ሐኪም ቤት ያለበት አርብ ገበያ ይታያል፤ ጧት ጧት የቆርቆሮው ብልጭታ ዓይን ይወጋል። ያን ጊዜ ለመድረስ ግን ገደሉን ወርዶ፣ ጥቁር ውኃ የሚባለውን ወንዝ ተሻግሮ፣ ሌላውን ገደል መውጣት ነበር። ጤነኛ ሰው በአራት ሰዓት ይደርሳል። በሽተኛ በቃሬዛ ይሄዳል። ቃሬዛው የማኅበር ነው፤ ሁለት ረጃጅም እንጨት በጠፍር ተጠላልፎ ከአያ አስማረ ቤት ጣራ ሥር ተሰቅሎ ይኖራል። ሰው ሲጨንቀው ጥሩምባ ይነፋል፤ እያንዳንዱ አባወራ በተራው ትከሻውን ይሰጣል። አያ አስማረ የዚያ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም አለቃው ነበሩ።

በዚያ ዓመት ገደሉን በራስጌው ዞሮ አርብ ገበያ የሚገባ መንገድ ሊወጣ ሆነ። ከወረዳ ቀያሽ መጥቶ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተከለ። ቆፋሪው የአገሩ ሰው ነው፤ ለዋለበት ቀን ስንዴና ዘይት ይሰፈርለታል። የሥራው አለቃም አያ አስማረ ሆኑ። ክረምት ሳይገባ ካልተጠናቀቀ ጎርፍ ይበላውና ሥራው ለከርሞ ይተላለፋል ተባለ።

ለእኛ ቤት ከርሞ የሚባል ነገር አልነበረም። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወሯ ግንቦት ነው። ከእኔ በፊት ሁለት፣ ከእኔ በኋላ አንድ ወልዳ፣ ሦስቱም ክርስትና ሳይነሡ ሞተውባታል። ምጧ ሁለት ሦስት ቀን ያድራል። ጎረቤት ከኋላዋ ሾተላይ አለባት ይላል። ልጆች ልትከትብ የመጣች ነርስ ሆዷን ዳብሳ፣ «ቦጋለች፣ ይኸኛውን ሐኪም ቤት ካልወለድሽው ልጁም አንቺም አትተርፉም፤ እውነቱን ልንገርሽ» ስትላት አጠገቧ ነበርሁ። እናቴ «እግዜር ያውቃል» አለችና ነጠላዋን ሳበች።

የእናቴ ነጠላ ጥለት አልነበረውም። በሁለቱም ጫፍ ተቀድዶ ያጠረ ነበር፤ ትከሻዋን ሸፍኖ ወገቧ ላይ አይደርስም። ካንዱ ጥግ ሁለት አረንጓዴ ክሮች ብቻ ቀርተዋል። ጥለቱ የት ሄደ ብየ ስጠይቃት፣ «አይጥ በላው» ትለኛለች። የእኛ ቤት አይጥ ጥለት ብቻ የሚመርጥ መሆኑ ገርሞኝ ነበር።

የችካሉ መስመር በጓሯችን ግርጌ፣ ከቀጋው ሥር ያልፋል። አባቴ እዚያ ላይ እንቢ አለ።

አያ አስማረ ሊለምኑት መጡ። ቀልድ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። «አድማሱ፣ ስትሞት የምትወስደው ሦስት ክንድ ነው» አሉት። «አሁን በቁምህ ዐሥር ክንድ ስጠንና ሰባቱ ምርቃት ይሁንልህ።»

ሰዉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። «ከላይ ያለውን የገብስ ማሳየን ሙሉውን ውሰዱት። ይኸን ግን አልሰጥም» አለ።

«መንገድ እንደ ፍየል አይዘልም፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው» አለ ቀያሹ።

«ምን አለበትና ነው እዚህ?» አሉ አያ አስማረ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«መሬቴ ነው።»

ቀያሹ በግድ ይቆፈር አለ። አያ አስማረ፣ «ባለቤቱ እያዘነ በሰጠው መሬት ላይ እግሬ አይሄድም» ብለው ዶማዎቹን አስመለሱ። ሥራው ከጓሯችን ወዲህና ወዲያ ቆመ፤ መሐሉ ላይ ጓሯችን ብቻ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍተት ሆኖ ቀረ። ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ በጊዮርጊስ ማኅበር ላይ ግን ሰዉ መረረው። መንገድ ለከለከለን ትከሻ አንሰጥም ተባለ። አባቴ ከቃሬዛው ማኅበር ወጣ። የእናቴ ወር ሊገባ ሰባት ቀን ቀርቶት ነበር።

እኔ ይኸን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ የማስበው ሌላ ነበር። በዚያ ሰሞን ያልተመዘገበ ጠመንጃ ያለው ያስረክብ ተብሎ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተነግሯል፤ የእኛ ጠመንጃ ደግሞ ከግድግዳው ላይ ጠፍቷል። እናቴ ማታ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቀጋው ሥር ካሉት ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አጠገብ ትቀመጣለች። አንዳንዴ ድንጋዮቹን በእጇ ትጠርጋለች። ስጠጋት «ሂጂ፣ ጥጆቹን እይ» ትለኛለች። ሁሉ ነገር ገባኝ። አባቴ ጠመንጃውን እዚያ ቀብሮታል፤ እናቴ ትጠብቀዋለች። አባቴ ስስታም ሳይሆን ጀግና ነው።

ጠመንጃውን አባቴ እናቴን ደብረ ታቦር ወስዶ ለማሳከም ሸጦት እንደነበር ያወቅሁት ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ነው።

አንድ ቀን ምንጭ ወርደን ወረፋ ይዘን ሳለ፣ የአያ አስማረ ልጅ ትዕግስት፣ «ያንቺ አባት እኮ ስስታም ነው። እናትሽንም ጥለት የሌለው ነጠላ የሚያለብሳት ለዚያ ነው» አለችኝ። ሌሎቹ ሴቶች ልጆች ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቁ።

«አባቴ ስስታም አይደለም!» አልሁ።

«ነው እንጂ። ስስታም! ስስታም!»

«አይደለም! ጠመንጃ ቀብሮበት ነው!»

ሳቁ ቆመ። ትዕግስት እንስራዋን አስቀምጣ ተጠጋችኝ። ኮራሁ። የአባቴን ስም ያነሣሁት መስሎኝ ከወገቤ ቀና ብየ ውኃየን ተሸክሜ ወጣሁ። አባቴ ለእናቴ ብሎ የጣለውን ስም ነው እኔ ከመሬት ላነሣው የሞከርሁት።

ከዚያ በኋላ በመጣው ዓርብ አባቴ ገና ሳይነጋ አህያውን ገብስ ጭኖ ወደ አርብ ገበያ ወረደ። ለእናቴ ማረፊያ ቤት ፈልጎ፣ በሦስተኛው ቀን በበቅሎ ቀስ እያደረገ ሊወስዳት ነበር ሐሳቡ። ማኅበሩ ስለተወን ሌላ መላ አልነበረውም። እናቴ ከቤት ውስጥ ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅማለች። እኔ ጠጠሩን እቀበላታለሁ። ድንገት ከጓሮ «ጥ! ጥ!» የሚል ነገር ተሰማ። እጇ ቆመ።

«ምንድር ነው?»

«እንጃ» አልሁ፤ ውሸቴን። የዶማ ድምፅ ለማንም አይጠፋውም።

ሰፌዱን ጣለችው። ምስሩ መሬት ላይ እንደ ዝናብ ተበተነ። ያን የሚያህል ሆድ ይዞ ሰው እንደዚያ ሲሮጥ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ከቀጋው ሥር አያ አስማረ ተንበርክከው ነበር። አዲሱና አዳነ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ከግራና ከቀኝ ዶማ ይዘው ቆመዋል። ከድንጋዮቹ አንዱ ተገልብጧል። አያ አስማረ በእጃቸው አፈሩን እየጠረጉ ፊታቸው በደስታ በራ። «ይኸው! በጨርቅ ጠቅልሎታል፤ አላልኋችሁም?» አሉና ሳብ አደረጉት። ጨርቁ እየተበጣጠሰ ወጣ። አፈር በልቶታል፤ ጥለቱ ግን አረንጓዴነቱ አልጠፋም ነበር።

የእናቴ ነጠላ ጥለት ነው። አወቅሁት።

እናቴ ደርሳ አልጮኸችም። ልትመታቸውም አልቃጣትም። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠችና ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «ቀስ በሉ» አለች። «ቀስ… ይኸኛው ትንሽ ነበር።»

አያ አስማረ ጨርቁን ለቀቁት። እጃቸውን አዩት። አዲሱ ዶማውን ጥሎ ፊቱን አዞረ። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ሲሞት በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ አይቀበርም፤ ከቅጥሩ ውጭ ነው ቦታው። የእናቴ ልጆችም ከቅጥሩ ውጭ እንዳሉ ነበር ሰው ሁሉ የሚያውቀው። ግን ከቅጥሩ ውጭ ጅብ ይቆፍራል። የመጀመሪያው ልጅ በተቀበረ ማግሥት እናቴ አፈሩ ተጭሮ አይታ፣ አባቴን ለምና፣ በሯ ላይ ሆና ወደምታየው ቦታ አስመጣችው። የቀሩት ሁለቱም እየተከተሉ መጡ። እያንዳንዳቸውን ከነጠላዋ እየቀደደች ገነዘቻቸው። ይኸ ያስወግዘኛል ብላ ፈርታ ለማንም አልተነፈሰችም።

መንገድ ባለመኖሩ የሞቱ ልጆች ናቸው የመንገዱን መስመር ይዘው የተኙት። ይኸን አሁን ነው የምለው፤ ያን ጊዜ የማየው ጥለቱን ብቻ ነበር።

ለብዙ ዓመታት አያ አስማረን አባቴ የሌለበትን ቀን ጠብቀው የመጡ ሌባ አድርጌ ጠላኋቸው። ሊሞቱ ሲሉ አስጠርተውኝ ሄድሁ። «ልደት፣ ወረዳ ሳይሰማ ጠመንጃውን አውጥተን ሌላ ቦታ ልንደብቅለት ነበር። አባትሽ ከሚታሰር ብየ ነው» አሉኝ። «ቦታው ነጻ ሲሆን እሱም መንገዱን ይሰጣል፣ እኛም ትከሻችንን እንሰጣለን አልሁ። ማን እንደነገረኝ ግን አትጠይቂኝ።» ያውቁ ነበር። ትዕግስት ከማን እንደሰማች ያውቁ ነበር። እጃቸውን ሳምሁ። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ለአባቴ ግን እስኪሞት ድረስ አልነገርሁትም።

እናቴ ከጉድጓዱ አጠገብ እንደተቀመጠች ሆዷን ያዘች። ቀሚሷ ረጠበ፤ አፈሩም ረጠበ።

«ጥሩምባ ንፉ!» አሉ አያ አስማረ። «አዳነ፣ ቃሬዛውን!»

«ማኅበሩ አይሸከምም ብሎ የለም ወይ?» አለ አዳነ።

«ማኅበሩን እዳኘዋለሁ፤ ሩጥ!»

ጥሩምባው ተነፋ። ወንዶቹ ከየማሳው እየሮጡ መጡ። አባ ወልደ ጊዮርጊስ፣ የደብራችን ቄስ፣ መስቀላቸውን እንደያዙ ደረሱ። ቃሬዛው ተዘረጋ፤ ጋቢ ተነጠፈበት። እናቴ ግን የቀጋውን ግንድ በእጇ ጨብጣ አልነሣ አለች።

«ልጄ፣ ነይ ቃሬዛው ላይ ውጪ። ሌላው በኋላ ይሆናል» አሏት አያ አስማረ።

«በኋላ እኔ የለሁም።»

«እግዜር ያውቃል፤ አትበይ እንደሱ።»

«መንገዱ ይዙርላቸው፤ ሌላ ምንም አልጠይቅ። ይማሉልኝና ልሂድ።»

አያ አስማረ ወደ ችካሎቹ አዩ። «ችካሉን የተከለው ወረዳ ነው። እኔ የማላዝዝበትን በጊዮርጊስ ደጅ አልምልም፣ ቦጋለች።»

አዲሱ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ «እሽ ብለው ይሸንግሏት እንጂ፤ ሰው እየሞተብን ነው!» አለ።

«ቄስ እያየኝ? እሷ እያየችኝ?» አሉት።

ምጡ መጣና እናቴን አጎበጣት። ግንዱን አልለቀቀችም፤ እሾኹ መዳፏ ውስጥ ገብቶ ደሙ በክንዷ ላይ ወረደ። ምጡ አለፈ። ለመኗት። ቆጧት። ሁለት ወንዶች ብብቷን ይዘው ሊያነሧት ሞክረው በጩኸቷ ደንግጠው ተዉአት። ሌላ ምጥ መጣ። እኔ የነጠላዋን ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ማንም ወዲያ ሂጂ አላለኝም። የቀጋው ጥላ መጀመሪያ የተገለበጠው ድንጋይ ላይ ነበር። ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። ከዚያ ወደ ሦስተኛው ተጠጋ።

ያን ጥላ እስከ ዛሬ በልቤ እለካዋለሁ። የአንድ ሰዓት መንገድ ይሆናል? የአንድ ሰዓት ተኩል? እናቴ የሞተችው ጥቁር ውኃ ዳር ነው፤ ተሸካሚዎቹ ሊሻገሩ ጫማቸውን ሲያወልቁ። አባቴ ከገበያ ሲመለስ ከወንዙ ማዶ ሆኖ ቃሬዛውን አየ፤ የእኛ መሆኑን ግን አላወቀም፤ ማኅበሩ ለእኛ አይሸከምም ነበርና። «እግዜር ይማርላችሁ!» ብሎ ከማዶ ጮኸላቸው። ልጁ አልተወለደም። በሆዷ እንዳለ ከእሷ ጋር ቅጥር ግቢ ውስጥ ተቀበረ። ከአራቱ ቅጥር የገባው እሱ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ግን ይኸን ማንም አላወቀም። ጥላው ከሦስተኛው ድንጋይ ጫፍ ላይ ነበር። አባ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ጉድጓዱ ቀረቡ። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጉድጓዱ ላይ አለበሱት።

«አስማረ» አሉ። «ከቅጥሩ ውጭ ያልኋት እኔ ነኝ። ሥርዓቱ ነው አልሁ፣ ሥርዓቱም ነው። ጅቡን ግን ማን ይጠብቅላት አላልሁም። እኔ ማል፣ አትማል የምልህ የለኝም።»

አያ አስማረ ወደ ችካሉ ሄዱ። በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙት፤ ነቀሉት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግራ አዙረው እየተራመዱ ሄዱ፤ ዐሥራ ሁለት እርምጃ። ችካሉን መሬት ላይ አቁመው በድንጋይ መቱት። ተመልሰው ሁለተኛውን ነቀሉ፤ ከመጀመሪያው ወደ ፊት አልፈው ተከሉት። ሦስተኛውን ወደ ቀድሞው መስመር መለስ አድርገው ተከሉት። ላባቸውን ጠርገው መጥተው ከእናቴ ፊት ተንበረከኩ።

«አያ አስማረ፣ ወረዳ ሲጠይቅ ምን ሊባል ነው?» አለ አዲሱ።

«አስማረ የሚባል እብድ ችካል ነቀለ ይባል።»

«ሊያስሩዎት ይችላሉ እኮ።»

«ይሰሩኝ።» ዓይናቸውን ከእናቴ ላይ አላነሡም። «እሽ፣ ቦጋለች። መንገዱ ይዞራል። እስካለሁ ድረስ ዶማ አይነካቸውም። ጊዮርጊስን!»

እናቴ ችካሎቹን አየቻቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጣቶቿ ከቀጋው ግንድ ላይ አንድ በአንድ ተለቀቁ። አያ አስማረ ከቃሬዛው ራስጌ ገብተው ትከሻቸውን ሰጡ።